መብራት ሲሄድ ቁልፉ የት ነበር?

የጠፋብኝ ቁልፍ 3,200 ባይት ገደማ ነበር። ሰው አልሰረቀኝም። መብራት ነው የወሰደብኝ።

ለአንድ መሥሪያ ቤት የክፍያ ጥያቄ እየፈረመ የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌ ነበር። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲነሳ አርኤስኤ በሚባለው የፊርማ ስልት ባለ 4096 ቢት ቁልፍ ያመነጫል። የሚፈረምበትን የግል ቁልፍ ፋይል ላይ ይጽፋል። ፊርማው የሚጣራበትን ይፋዊ ቁልፍ ደግሞ እኔ ወስጄ ክፍያውን ለሚቀበለው ድርጅት አስመዘገብሁ። ሳምንት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ሰርቨር የምለው ነገር ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ነበርና አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ፋይሉን አየሁት። ስሙ አለ። ቀኑ አለ። መጠኑ ዜሮ።

ሳምንት ሙሉ ሲፈርም የከረመ ቁልፍ እንዴት ዜሮ ባይት ይሆናል? መልሱ ያሳፍራል። ፋይሉን በኤፍኦፕን ከፍቼ፣ በኤፍራይት ጽፌ፣ ኤፍክሎዝ ብዬ መዝጋት ረስቼ ነበር። (የትእዛዞቹን ስም በፊደላችን ነው የምጽፈው። ኮድ ላይ ስታገኟቸው ታውቋቸዋላችሁ።) የሲ ላይብረሪ የሰጠነውን ነገር ወዲያው ለሥርዓተ ክወናው ለሊኑክስ አያስረክብም። መጀመሪያ በራሱ መያዣ ያጠራቅመዋል። መያዣው ብዙ ጊዜ 4,096 ባይት ነው። የእኔ ቁልፍ ከዚያ ስላነሰ መያዣው አልሞላም። ስላልሞላ አልተራገፈም። ፕሮግራሙ ቁልፉን ከሜሞሪ እያነበበ ይፈርም ስለነበር ምንም አልጎደለበትም። ቁልፉ አንድም ቀን ዲስክ ላይ አልዋለም።

አዲስ ቁልፍ አስመዝግቦ እንደገና ሥራ ለመጀመር ቀናት ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ አንድ ነገር ብዙ አሰብሁ። እኛ ፕሮግራመሮች ስለ ቁልፍ ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ ስልቱ ነው። አርኤስኤ ይሻላል፣ ኢዲ25519 ይሻላል፣ ስንት ቢት ይሁን። ቁልፉን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጡትን አሥር መስመሮች ግን ማንም አያያቸውም። ቁልፍ የሚጠፋውም የሚሰረቀውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ አሥር መስመሮች ነው ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን መሥሪያ ቤት ማህተም የተከበረ ዕቃ ነው። መሳቢያ አለው። መሳቢያው ቁልፍ አለው። ቁልፉ ያዥ አለው። «ማህተም የያዘችው ወጥታለች» ተብሎ ለነገ ያልተቀጠረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ቢያናድድም ምክንያት አለው። ማህተሙ እጁ የገባ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ስም መናገር ይችላልና። የግል ቁልፍም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ፋይዳ መታወቂያ ባንክ ቤት ገብቷል። ከእንዲህ ዓይነት አገልግሎቶች ጋር የሚያያዝ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚፈርምበት የራሱ የግል ቁልፍ ይኖረዋል። ያንን ፕሮግራም የሚጽፈው ደግሞ ትልቅ ኩባንያ ብቻ አይደለም። እዚህ ጎንደር ማራኪ ግቢ ያለ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሊሆን ይችላል። እኔም ልሆን እችላለሁ።

አንድ ምክር በየቦታው ይሰጣል። ቁልፉን ጭራሽ ዲስክ ላይ አታስቀምጡ፣ ክላውድ ላይ ባለ የቁልፍ ማከማቻ ተጠቀሙ ይባላል። ጥሩ ምክር ነው፣ መስመሩ ለማይቋረጥ ሰው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እዚህ የነበረ ሰው ይህን ምክር ሲሰማ ፈገግ ይላል። ቁልፉ ባሕር ማዶ ከሆነ መስመር በጠፋ ቁጥር ማህተሙም ይጠፋል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቁልፍ ከፊታችን ባለው ማሽን፣ ከፊታችን ባለው ዲስክ ላይ ነው የሚቀመጠው። እንግዲያው በወጉ እናስቀምጠው።

ሦስት ጣቢያ

«ዲስክ ላይ ጻፍሁ» የምንለው ነገር ሦስት ጣቢያ አለው። አንደኛው የሲ ላይብረሪ መያዣ ነው። የእኔ ቁልፍ የሞተው እዚያ ነው። ሁለተኛው የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ራይት የሚለው ጥሪ ተሳካ ካለ ከርነሉ «ተረክቤአለሁ» ማለቱ ነው። ዲስኩ ጋ ደርሷል ማለቱ አይደለም። ሊኑክስ በነባሩ ቅንብር አዲስ የተጻፈን ነገር ሜሞሪ ውስጥ 30 ሰከንድ ያህል ሊያቆየው ይችላል። ሦስተኛው ዲስኩ ራሱ ነው። እሱም የራሱ ትንሽ ሜሞሪ አለው።

ከአዘዞ ዕቃ በባጃጅ የላከ ሰው ሹፌሩ ስለተቀበለው ብቻ ፒያሳ ደርሷል አይልም። ተቀባዩ ደውሎ «ደርሶኛል» ሲል ነው የሚያምነው። ያ ስልክ ኤፍሲንክ ይባላል። ኤፍሲንክ ዲስኩ መቀበሉን እስኪያሳውቅ ድረስ ፕሮግራሙን ያስጠብቃል። ማክ የምትጠቀሙ ካላችሁ ግን ልብ በሉ። አፕል ዘንድ ኤፍሲንክ የዲስኩን የውስጥ ሜሞሪ አያራግፍም። ለዚያ ኤፍ ፉልኤፍሲንክ የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ።

ሌላው ጣጣ ኤፍኦፕንን በ«ደብሊው» መጥራት ነው። «ደብሊው» ነባሩን ፋይል እንደከፈተ ባዶ ያደርገዋል። አዲሱ ገና አልተጻፈም፣ አሮጌው ግን ሄዷል። ቁልፍ በየጊዜው የሚቀይር ፕሮግራም በዚያች መሃል መብራት ቢሄድበት አሮጌውንም አዲሱንም ያጣል።

ይህ ደግሞ መብራት በሚሄድበት አገር ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤክስት4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት ገና አዲስ ሳለ፣ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጠቃሚዎች ማሽናቸው ድንገት ሲጠፋ ፋይሎቻቸው ዜሮ ባይት ሆነው አገኟቸው። ቀዳሚው ኤክስት3 በየ5 ሰከንዱ ስለሚያስቀምጥ የፕሮግራመሮችን ስንፍና ሸፍኖ ኖሯል። ኤክስት4 ግን ለፋይሉ የዲስክ ቦታ የሚመድበው ዘግይቶ ነው። ብዙ ክርክር ተነሳ። ኤክስት4ን ከሚመሩት አንዱ የሆነው ቴዎዶር ጾ «ኤፍሲንክ ማለት የነበረበት ፕሮግራሙ ነው» የሚል አቋም ነበረው። ያም ሆኖ የተለመዱትን ስህተቶች የሚያለዝብ ማስተካከያ ከርነሉ ውስጥ አስገባ። ያ ማስተካከያ ዛሬም አለ። አደጋውን ያጠብበዋል፣ አያጠፋውም። ኤፍክሎዝን የረሳን ሰውማ ምንም አያደርግለትም።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም አይደለም። ቁልፉ የሚቀመጥበት ፎልደር ውስጥ ሌላ ስም ያለው ጊዜያዊ ፋይል ይከፈታል። ቁልፉ እዚያ ላይ ይጻፋል። ኤፍሲንክ ይባላል። ከዚያ በሪኔም የጊዜያዊው ፋይል ስም በዋናው ስም ይተካል። ሪኔም ግማሽ የለውም። ያ ስም ወይ አሮጌውን ፋይል ያሳያል ወይ አዲሱን። ሁለቱም የሌሉበት ቅጽበት የለም። ጊዜያዊው ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ የሚሆነውም በምክንያት ነው። ሪኔም ከአንድ የፋይል ሥርዓት ወደ ሌላ አይሻገርም። ሁሉም ሰው የሚጽፍበት ቲኤምፒ የሚባል የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር አለ፤ እዚያ ጽፎ ወደ ቤት ማምጣት አይሠራም፣ ቢሠራም ደህንነት የለውም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። አንድ እርምጃ ግን ይቀራል። የፋይል ስም የሚኖረው ፋይሉ ውስጥ ሳይሆን ፎልደሩ ውስጥ ነው። ፎልደሩም የሚጻፍ ነገር ነው። ስለዚህ ፎልደሩን ራሱን ከፍቶ እሱንም ኤፍሲንክ ማለት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ቁልፉ ዲስክ ላይ አርፎ ስሙ አየር ላይ ሊቀር ይችላል።

የሚመለሰውን መልስ ማየትም ግዴታ ነው። ራይት ከሰጠነው ያነሰ ባይት ጽፎ ሊመለስ ይችላል። የቀረውን ደግሞ መጻፍ የእኛ ሥራ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ስህተቱ የሚታየው ኤፍክሎዝ ላይ ሊሆን ይችላል። የኤፍክሎዝን መልስ የሚያይ ኮድ ስንት ጊዜ አይታችኋል? እኔ በጣት የሚቆጠር ነው ያየሁት።

ኤፍሲንክ ራሱ ባይሳካስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የፖስትግሬስኪውኤል ሰዎች አንድ ደስ የማይል ነገር አወቁ። ሊኑክስ ላይ ኤፍሲንክ ካልተሳካ በኋላ ደግማችሁ ብትጠሩት «ተሳክቷል» ሊላችሁ ይችላል። ከርነሉ ስህተቱን አንዴ ከነገራችሁ በኋላ ያልተጻፈውን ገጽ እንደተጻፈ ሊቆጥረው ይችላልና። ያ ሁሉ ዓመት የታመነ የመረጃ ቋት እንኳ ኮዱን መቀየር ነበረበት። ለእኛ ትርጉሙ ቀላል ነው። ኤፍሲንክ እምቢ ካለ እሱን መነዝነዝ ፋይዳ የለውም። ጊዜያዊውን ፋይል ጥሎ ከባዶ መጀመር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የጎዳኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ይፋዊውን ቁልፍ ያስመዘገብሁት የግሉ ቁልፍ መቀመጡን ሳላረጋግጥ ነው። አሁን ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያስቀምጣል። ከዚያ ፋይሉን ዘግቶ፣ እንደ እንግዳ ከፍቶ ያነበዋል። ባነበበው ቁልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈርማል፣ ፊርማውንም ያጣራል። ይፋዊውን ቁልፍ የሚያሳየኝ ይህ ሁሉ ካለፈ ብቻ ነው። የተነበበው ከከርነሉ ሜሞሪ ሊሆን ስለሚችል ይህ ስለ ዲስኩ ምስክር አይሆንም። ኤፍክሎዝ የረሳ ሰው ቢኖር ግን እዚያው ይጋለጣል።

ዓይን

አንድ ተማሪ ኮዱን ላሳየኝ መጣ። ቁልፉን በኤፍኦፕን ጽፎ ሲጨርስ ቻሞድ ብሎ ፈቃዱን ወደ 0600 ይቀይረዋል። 0600 ማለት ባለቤቱ ብቻ ያንብብ፣ ባለቤቱ ብቻ ይጻፍ ማለት ነው።

«መሃሉ ላይስ?» አልሁት።

«የትኛው መሃል? ጋሼ፣ አንድ ሚሊ ሰከንድ እኮ አይሆንም።»

ልክ ነው፣ አይሆንም። ኤፍኦፕን ፋይል ሲፈጥር 0666 ይጠይቃል። ዩማስክ የሚባለው ማጣሪያ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። በተለመደው 022 ዩማስክ ፋይሉ 0644 ሆኖ ይወለዳል። ማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ሰው ሁሉ ያነበዋል ማለት ነው። ቻሞድ እስኪመጣ ያለው ጊዜ በእርግጥ አጭር ነው። ተማሪው ያላሰበው ሌላ ነገር ነው። ሊኑክስ ፈቃድ የሚጠይቀው ፋይሉ ሲከፈት ብቻ ነው። በዚያች ሚሊ ሰከንድ ፋይሉን የከፈተ ሰው በሩ ከተዘጋ በኋላም ውስጥ ነው። ቁልፉ ተጽፎ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ከዚያ ዘና ብሎ ያነባል። ፎልደርን እየተከታተለ አዲስ ፋይል በተፈጠረ ቁጥር የሚያነቃ አገልግሎት ደግሞ ሊኑክስ ውስጥ ራሱ አለ። ሌባው ዓይኑን ፈጥጦ መጠበቅ እንኳ አያስፈልገውም።

ፋይሉ ገና ሲወለድ ዝግ መሆን አለበት። ለዚህ ኤፍኦፕንን ትቶ ኦፕንን በቀጥታ መጥራት ነው። ኦ ክሪኤት እና ኦ ኤክስክል የሚሉትን ምልክቶች አንድ ላይ ሰጥቶ ፈቃዱን 0600 ማለት። ኦ ኤክስክል «ፋይሉ ካለ አትክፈት፣ ስህተት መልስ» ማለት ነው። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ፈቃዱ የሚሠራው ፋይሉ አዲስ ከሆነ ብቻ ነው። ነባር ፋይል 0644 ከነበረ 0600 ብላችሁ ብትከፍቱትም 0644 ሆኖ ይቀጥላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ኦ ኤክስክል ወደ ሌላ ፋይል በሚጠቁም ስም፣ በሲምሊንክ፣ አይታለልም። ቲኤምፒን ሁሉም ሰው ይጽፍበታል ብያለሁ። አንድ ሰው የእናንተን ጊዜያዊ ፋይል ስም ገምቶ ቀድሞ በዚያ ስም ሲምሊንክ ቢያስቀምጥ፣ ፕሮግራማችሁ ጠቋሚውን ተከትሎ ሌላ ቦታ ይጽፋል። ወይም የቁልፉን ፋይል ሌላ ሰው ቀድሞ ፈጥሮት ይጠብቃችኋል። ኦ ኤክስክል ሁለቱንም ይከለክላል። ስም መፍጠር ከሰለቻችሁ ኤምኬኤስቴምፕ የሚባለው ጥሪ ይህንኑ ይሠራል። የማይገመት ስም ይመርጣል፣ በ0600 ይከፍታል።

የሲ ቋንቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ደረጃው ለኤፍኦፕን «ኤክስ» የሚል ፊደል ጨምሯል። «ደብሊው ኤክስ» ብላችሁ ብትከፍቱ ነባር ፋይል አይነካም። ጥሩ ነው። ፈቃዱን ግን አሁንም ከዩማስክ ነው የሚወስደው። ለቁልፍ አይበቃም።

እዚህ ላይ አንዲት ዜሮ ላሳያችሁ። 0600 ስንጽፍ የፊተኛዋ ዜሮ ጌጥ አይደለችም። ሲ ቁጥሩን በስምንት ቤት እንዲያነበው የምትነግረው እሷ ናት። ረስታችሁ 600 ብትሉ ሲ በአሥር ቤት ያነበዋል። 600 በስምንት ቤት 1130 ነው። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? ባለቤቱ ማንበብ አይችልም። ዩማስክ ካልከለከለው ግን የቡድኑ አባላት መጻፍ ይችላሉ። ባለቤቱን ውጭ አቁሞ ለጎረቤት ቁልፍ መስጠት ነው። ኮምፓይለሩም ምንም አይላችሁም።

ጥሩ ዜናው፣ ጊዜያዊ ፋይልና ሪኔም ለመብራቱም ለዓይኑም ያገለግላሉ። በ0600 የተወለደው ጊዜያዊ ፋይል የአሮጌውን ስም ሲወርስ ፈቃዱን ይዞ ነው የሚመጣው። የአሮጌው 0644 ከአሮጌው ጋር ይሄዳል። መጥፎው ደግሞ፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ጊዜያዊው ፋይል ግማሽ ወይም ሙሉ ቁልፍ ይዞ ይቀራል። እኔ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር እነዚህን ትርፍራፊዎች ፈልጎ እንዲያጠፋ አድርጌአለሁ። ሊኑክስ ከ3.11 ጀምሮ ስም የሌለው ጊዜያዊ ፋይል መክፈት ይፈቅዳል። መብራት ከሄደ ፋይሉ አብሮ ይጠፋል። ነገር ግን ያ ፋይል ስም ሲሰጠው ነባር ስም መተካት አይችልም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ቁልፍ ይመቻል፣ ለመቀየር አይመችም።

ፎልደሩን አትርሱ። ፋይሉ 0600 ሆኖ ፎልደሩ ለሌላ ሰው መጻፊያ ከሆነ ያ ሰው ቁልፉን ባያነብም አንስቶ በራሱ ሊተካው ይችላል። በሩ በብረት ተዘግቶ ቅጥሩ የፈረሰ ግቢ ማለት ነው። ፎልደሩ 0700 ይሁን። የሚያነበውም ፕሮግራም ዝም ብሎ አይቀበል። ከሩቅ ማሽን ጋር በምስጢር የሚያገናኘው ኦፕንኤስኤስኤች 0644 የሆነ የግል ቁልፍ ብትሰጡት በትልልቅ ፊደል አስጠንቅቆ አልጠቀምም ይላል። ብዙ ተማሪ ይህን መልእክት እንደ እንቅፋት ነው የሚያየው። እኔ ግን ከዚያ ፕሮግራም የምወድለት ጠባይ ይህ ነው። ኤፍስታት ብሎ ፈቃዱን ማየት ሦስት መስመር አይፈጅም።

የተረፈው ግልባጭ

ቁልፉ ዲስክ ላይ በሰላም ዐረፈ እንበል። ሜሞሪ ውስጥ ያለውስ?

አስተዋይ ፕሮግራመር ሲጨርስ ሜምሴት ብሎ በዜሮ ይሞላዋል። ኮምፓይለሩ ግን ብልጥ ነው። «ይህን ቦታ ከዚህ በኋላ ማንም አያነበውም፣ ታዲያ ዜሮ ማድረጉ ለምን?» ብሎ መስመሩን ሊሰርዘው ይችላል። ኮዱ ላይ አለ፣ የሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ኤክስፕሊሲት ቢዚሮ የተፈጠረው። ኦፕንቢኤስዲ ከሚባለው ሥርዓተ ክወና መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ 2.25 ላይ ገባ። የሲ23 ደረጃም ሜምሴት ኤክስፕሊሲት የሚባል አቻ አምጥቷል። ኮምፓይለሩ እነዚህን አይነካቸውም።

ይህም ሆኖ የማናውቀው ግልባጭ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኳሊስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የኦፕንኤስኤስኤች ደንበኛ ፕሮግራም ላይ ቀዳዳ አገኘ። ከ5.4 እስከ 7.1 ያሉት ስሪቶች ክፉ ሰርቨር ጋር ሲገናኙ የሜሞሪያቸውን ቁራጭ ያፈሱ ነበር። ኦፕንኤስኤስኤች ቁልፉን ሲጨርስ የሚያጠፋ ጠንቃቃ ፕሮግራም ነው። ታዲያ ቁልፉ እንዴት ሊፈስ ቻለ? ኳሊስ ካሳዩት መንገድ አንዱ ያው የሲ ላይብረሪ መያዣ ነው። ቁልፉን ከፋይል ሲያነብ ላይብረሪው በራሱ መያዣ ግልባጭ አስቀርቶ ነበር። ያንን ማንም አላጠፋውም።

ይህን ሳነብ ሳቅሁ። የእኔን ቁልፍ የቀበረው መያዣ እዚያ ደግሞ ቁልፍ አውጥቶ ሰጥቷል። ስለዚህ ቁልፍ ሲጻፍም ሲነበብም ላይብረሪውን ዘልሎ በራይትና በሪድ መሥራት ይሻላል። የሜሞሪ ቦታ የሚያሰፋው ሪአሎክም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። መያዣውን ሲያሰፋ ወደ ሌላ ቦታ ሊገለብጠው ይችላል፣ ያኔ አሮጌውን ግልባጭ ሳያጠፋ ይለቀዋል። የቁልፉን መጠን አስቀድማችሁ አውቃችሁ አንዴ ብቻ ቦታ ያዙ።

ስዋፕና ኮር ደምፕም አሉ። ስዋፕ ሜሞሪውን ዲስክ ላይ ይጽፈዋል፣ ኤምሎክ ያስቆመዋል። ኮር ደምፕ ፕሮግራሙ ሲሞት ሜሞሪውን እንዳለ ፋይል ያደርገዋል፣ በአርሊሚት ዜሮ ይደረጋል። በሁለት መስመር ያልቃሉ።

ፍላሹ

ቁልፉን በይለፍ ሐረግ እንመስጥረው ወይ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሰው አጠገቡ ላለ ቁልፍ፣ አዎ። ሐረጉን ወደ ቁልፍ የሚቀይረው አርጎን2 ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2015 የይለፍ ቃል ውድድሩን ያሸነፈው እሱ ነው። ለሰርቨር ግን ነገሩ ይለያል። መብራት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሄዶ አሥር ሰዓት ቢመጣ ሐረጉን ማን ይጽፍለታል? ብዙ ሰው መልሱ ሐረጉን ከጎኑ ባለ ፋይል መጻፍ ይመስለዋል። ያ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ጉበኑ ላይ ማስቀመጥ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰርቨር እኔ ሳይመሰጠር፣ በ0600፣ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ በተከፈተ አካውንት ሥር እንዲቀመጥ እመርጣለሁ። ማሽኑ ያለበት ክፍል ደግሞ ይቆለፍ።

ባክአፑ ላይ ግን ድርድር የለም። መብራት እየጠፋ የሚያስቸግረን ሰዎች ባክአፕ እንወዳለን። ባክአፕ ስንል ደግሞ ፍላሽ ማለታችን ነው። ፍላሾች ብዙ ጊዜ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ናቸው። እነዚህ የፋይል ሥርዓቶች የሊኑክስን ፈቃድ አያውቁም። 0600 ያላችሁት ሁሉ ፍላሹ ላይ ሲደርስ ይተናል። ያ ፍላሽ በማግስቱ የፎቶኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሲቪ ሲታተምበት ይገኛል። ስለዚህ ከማሽኑ የሚወጣ ግልባጭ በጠንካራ ሐረግ ይመስጠር፣ ሐረጉም ፍላሹ ላይ አይጻፍ።

አንዴ ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ ላይ በግልጽ የተጻፈን ቁልፍ በላዩ ላይ ዜሮ ጽፎ ማጥፋትም አስተማማኝ አይደለም። ኤስኤስዲ ዕድሜውን ለማርዘም አዲሱን ጽሑፍ ሌላ ሕዋስ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል፣ አሮጌው እዚያው ይቆያል። የተጠረጠረ ቁልፍ መፍትሔው መሰረዝና አዲስ ማውጣት ነው። የጠፋ ማህተምም የሚተካው እንዲሁ ነው።

አዲሱን ኮድ ለመፈተን መብራት እስኪሄድ አልጠበቅሁም። ፕሮግራሙ ቁልፍ እያመነጨ ደጋግሞ እንዲያስቀምጥ አድርጌ ሶኬቱን ነቀልሁት። አስነሳሁት። ፋይሉን ከፍቼ አየሁ። ወይ አሮጌው ሙሉ ሆኖ ነው፣ ወይ አዲሱ ሙሉ ሆኖ። ደገምሁት። አሥር ጊዜ ነቀልሁ፣ አሥር ጊዜ ሙሉ ቁልፍ አገኘሁ። ለአሥራ አንደኛው እጄን ወደ ሶኬቱ ስዘረጋ ጎረቤቴ ከውጭ «ሄደ!» አለ።